ቢጫው የማይታይበት ክፍል

ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ማልቀስ አቆመ። እኛም ደስ አለን።

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ የሆነው ግን እንዲህ ነው። ከወለድኩበት ክሊኒክ ስንወጣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ የነበረ ልጅ፣ ቤት በገባን በሁለተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ። ጡቴን ትንሽ ይይዝና ይተወዋል፤ ወዲያው ይተኛል። ሊጠይቁኝ የመጡት ሁሉ ጎንበስ ብለው እያዩ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይሉ ነበር። እኔም የደከመኝ አራስ ነኝና አምላኬን አመሰገንኩ።

የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት የጭነት መጋዘኖች በአንዱ ይሠራል። አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ሲወርዱ ጣሪያችንን ነክተው የሚያልፉ ይመስላል፤ ወጥ ቤት ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንጫጫሉ፣ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። በእንግድነት የመጣ ሰው ወሬውን አቋርጦ ቀና ሳይል አይቀርም። ልጄ ግን ሽፋሽፍቱን እንኳን አያነቃንቅም።

«ተመልከቺው» ይሉኝ ነበር እትዬ። «ከሆድሽ ሳለ ሰምቶ ለምዶታል።»

እትዬ የባለቤቴ አክስት ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ናይሮቢ ኖረዋል፤ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት አላቸው፤ እኔም ሆዴ ገፍቶ መቆም እስኪያቅተኝ ድረስ የምሠራው እዚያ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ መምጣት ስላልቻለች፣ ምግብ ቤቱን ለሠራተኞቻቸው ትተው ሊያርሱኝ እኛ ዘንድ ገቡ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መስኮቱን መጋረድ ነበር። «አራስ ብርሃን አይመታትም፤ ሕፃኑንም ምች ያገኘዋል» ብለው ከምግብ ቤታቸው ያመጡትን ወፍራም ብርቱካንማ መጋረጃ ሰቀሉ።

ከዚያ በኋላ መኝታ ቤታችን ጠዋትም ቀትርም አንድ ሆነ። የእትዬ ነጭ ነጠላ፣ አንሶላው፣ የእኔ እጅ፣ የልጄ ፊት፣ ሁሉም የማር ቀለም ያዘ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ልጄን አያለሁ፤ ያምራል። ከሁሉም ነገር ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ምንም የተለየ ነገር አላየሁበትም።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን መጣች። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር፣ በግቢው በር አትክልት የምትሸጥ ኬንያዊት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ማማ ምቦጋ» ነው የሚላት፣ አትክልት ሻጭ ለሆነች ሴት ሁሉ የሚሰጥ መጠሪያ ነው። ጎመንና ሙዝ ይዛ መጥታ፣ ልጁን ሳትጠይቅ አንስታ አቀፈችው። ትንሽ ወዘወዘችው። እንደገና ወዘወዘችው፤ በጣቷ የእግሩን መዳፍ መታ መታ አደረገች።

«ይህ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለችኝ በስዋሂሊ።

«ጨዋ ነው» አልኳት።

ልጁን እንዳቀፈች በቀጥታ ወደ ውጭ በር ሄደች። እትዬ «ኧረ ነፋስ! ኧረ ፀሐይ!» እያሉ ነጠላቸውን እየጎተቱ ተከተሏት። እኔም ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ። ስደርስ ማማ ምቦጋ ደረጃው ላይ፣ በቀን ብርሃን ውስጥ ቆማ ነበር።

«ሁዩ ምቶቶ ኒ ማንጃኖ» አለች።

ማንጃኖ የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው ከምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ነው፤ እርድ ማለት ነው። ቢጫ ቀለምም በዚያው ስም ይጠራል። ለአፍታ «ይህ ልጅ እርድ ነው» ያለችኝ መሰለኝ፤ አየሁትም፣ በእውነትም እርድ ነበር። ፊቱ፣ አንገቱ፣ ደረቱ። አውራ ጣቷን ግንባሩ ላይ ጫን አድርጋ አነሣች፤ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ነጣ ማለት ሲገባው እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የዓይኑን ሽፋን ቀስ ብላ ገለጠች። የዓይኑ ነጭ ነጭ አልነበረም። ይህን ሁሉ ስታደርግ ልጄ አልተነጫነጨም፣ አላዛጋም፣ ምንም አላለም።

«ቀይ ነው እንጂ ምን ቢጫ ይሆናል!» አሉ እትዬ። «የእኛ ዘር ቀይ ነው። አባቱም ሲወለድ እንዲህ ነበር።» ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር።

ባለቤቴ ስንደውልለት ከሥራው በረረ፤ ታክሲ ይዞ መጣ። ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ትልቁ መንገድ ተዘጋግቶ ረጅም ሰዓት ቆምን። መንገዱ ዳር ባሉት ግራሮች ላይ አባ ኮዳዎች ሰፍረው ነበር፤ እነዚያ ራሳቸው የተመለጠ፣ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ የሚመስሉ ትላልቅ ወፎች። ናይሮቢ የኖረ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እኔም በየቀኑ ከእነሱ ሥር አልፋለሁ፣ ልብ ብያቸው ግን አላውቅም። የዚያን ቀን ከቅርንጫፉ ላይ አንገታቸውን አስግገው ቁልቁል ወደ ታክሲው የሚያዩ መሰለኝ።

እትዬ ነጠላቸውን በልጁ ፊት ላይ ጣሉ። «የወፍ በሽታ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ወፍ አልፎበታል።»

እንዲህ ያለውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው እንጂ ሳምንበት ኖሬ አላውቅም። ግን አንዷ ወፍ ክንፏን ዘርግታ ከዛፉ ስትነሣና ጥላዋ በታክሲው መስታወት ላይ ሲያልፍ፣ ሳላስበው ልጄ ላይ ተደፋሁበት።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ነበረች። እየጻፈች ትጠይቀኛለች። ስንት ጊዜ ይጠባል? ሽንቱስ? ሰገራው ምን ይመስላል?

«ያለቅሳል?» አለችኝ።

«አያለቅስም» አልኩ። እነሆ ቢያንስ አንድ ጥሩ ነገር ልንገራት ብዬ ጨመርኩ፤ «እንዲያውም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አንዴም አላለቀሰም።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ለነርሷ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር በፍጥነት ተናገረች። ነርሷ ልጄን ከእጄ ወሰደችው። ተረከዙን በመርፌ ወጉት፤ ደሙን ጨምቀው በቀጭን ብልቃጥ ቀዱት። እግሩን እንኳን አልሰበሰበም።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሕፃን ሲወለድ ደሙ ውስጥ አሮጌው ተሰብሮ አዲስ ይተካል፤ ከተሰበረው የሚወጣውን ቢጫ ነገር ጉበቱ ማጣራት ነበረበት፤ የሕፃን ጉበት ደግሞ ገና አልጠነከረም። የእኔና የእሱ የደም ዓይነት አለመስማማቱ ነገሩን አብሶታል። ቢጫው ሲበዛ ወደ አንጎል ይገባል። የሚያባብለው፣ የሚያስተኛው እሱ ነው። «ሰማያዊ መብራት ሥር እናስተኛዋለን» አለች፤ «ብርሃኑ በቆዳው ውስጥ ገብቶ ቢጫውን ይፈታዋል፤ በሽንትና በሰገራ ይወጣል። ይኼ ነው ሕክምናው። ካልቀነሰ ግን ሌላ ነገር እናደርጋለን።» ሌላው ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ክፍሉ በአገናኝ መንገዱ መጨረሻ ነበር። ገና ከሩቁ በበሩ መስታወት የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ውኃ ፈስሶ ይታያል። ውስጥ አምስት መብራቶች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ሥር አንድ ሕፃን፣ ከዳይፐር በቀር ራቁቱን፣ ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ። መስኮቶቹ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍነዋል። ከማሽኖቹ ጉርምርምታ በቀር ድምፅ የለም። አምስት ሕፃናት ባሉበት ክፍል ውስጥ ድምፅ የለም።

ልጄን አስተኙት፣ ዓይኑን ሸፈኑት፣ መብራቱን አበሩ። ቢጫው በአንድ ጊዜ ጠፋ። አሁን ሰማያዊ ነበር፤ ከንፈሩ ጥቁር፣ ጥፍሮቹ ጥቁር። እጄን ወደ እሱ ስዘረጋ የራሴም እጅ ከውኃ የወጣ ሬሳ እጅ መሰለ። የጡቴ ወተት ሰማያዊ ሆኖ ይንጠባጠባል። ነርሷ ስታወራኝ ጥርሶቿ ብቻ ያበሩ ነበር።

«አሁን እንዴት ነው? ቀንሷል?» አልኳት ከሰዓታት በኋላ።

«እዚህ ውስጥ ማንም ሊያይልሽ አይችልም፣ ማማ» አለችኝ። «በዚህ መብራት ቢጫ አይታይም። ቀለሙን ማየት ስንፈልግ እናጠፋዋለን። የሚነግረን ደሙ ነው።»

ባለቤቴን ከጠያቂ ሰዓት ውጪ አያስገቡትም ነበር፤ እትዬም አገናኝ መንገዱ ላይ ነው የሚውሉት። እናቶቹ ግን በየልጆቻችን አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር እንቀመጣለን። ለማጥባት ብቻ እናወጣቸዋለን፣ መልሰን እናስተኛቸዋለን። ዓይናቸው ስለታሰረ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ ጊዜ ከመታጠቢያ ቤት ስመለስ የሰው ልጅ አጠገብ ሄጄ ቁጭ ብዬ፣ እግሩን ይዤ መጸለይ ጀምሬ ነበር። የታሰረለትን ወረቀት ሳነብ ነው የእኔ አለመሆኑን ያወቅሁት።

እና አንድ ድምፅ ነበር። ከአገናኝ መንገዱ በኩል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ ከፍም ዝቅም የማይል። ሲጀምር የበሩ መስታወት አብሮ ይንዘረዘራል። ቱቦ ነው ብዬ ገመትኩ፤ ነርሶቹ ዞር ብለው እንኳን አያዩም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ጡቴን ላልብ ወጥቼ ስመለስ፣ አንዲት ሴት ልጄ ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ጥቁር ሂጃብ ለብሳለች፤ ሂና የተቀባ እጇ በዚያ ብርሃን ክስል መስሏል። ከልጄ አጠገብ ያለው ሕፃን እናት ናት፤ እስከዚያች ሰዓት ቃል ተነጋግረን አናውቅም። በጣቶቿ የቁልፍ ዘለላ ይዛለች። ወደ ልጄ ጆሮ አስጠጋችው፣ ሁለት ጊዜ አንቃጨለችው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ፊቱ አቅርባ ጠበቀች። አሁንም አንቃጨለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

በልጅነቴ የሰማሁት የዓይንና የቡዳ ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

«ምን እያደረግሽው ነው?» ብዬ ጮህኩ። የጮህኩት በአማርኛ መሆኑን ያወቅሁት ስትመልስልኝ ነው።

«አትጩኺ፤ ይደነግጣሉ» አለች፣ እሷም በአማርኛ። ቁልፉን ቀስ ብላ መዳፏ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ አምስቱን አልጋዎች በዓይኗ ዞረችና «ቢደነግጡማ ጥሩ ነበር» አለች።

ወንበሬን ይዤ በእሷና በልጄ መካከል ተቀመጥኩ። እሷም ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

«እህቴ፣ ይቅርታ» አለችኝ። «ሳልጠይቅሽ መንካት አልነበረብኝም። የራሴን ሳደርግለት የሌሎቹም ያሳስበኛል። አላስችል አለኝ።»

«ምኑ ነው የሚያሳስብሽ?»

«ይሰሙ እንደሆነ።»

ሞያሌ ነው የተወለደችው፣ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች። ይህ ሁለተኛ ልጇ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ስትወለድ ድንበሩ ላይ፣ ሞያሌ ነበሩ። በሳምንቷ ቢጫ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት አሏት፤ አሞቀቻት። ዝም ያለች ልጅ ነበረች፤ ሰው ሁሉ አመሰገነላት። አንድ ቀን ጀርባዋ እንደ ቀስት ተለመጠ፤ ከዚያ ተወት አደረጋት። ቢጫውም በራሱ ጊዜ ጠፋ።

«ዳነች ብለን በግ አረድን» አለችኝ። «ወፈረች። ሳቀች። ዓመት ከምናምን ሲሆናት አንድ ቀን ድስት ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ትጫወት ነበር። ድስቱ እየተንከባለለ እግሯ ሥር እስኪደርስ አልዞረችም። ቆሜ አየኋት። ሌላ ድስት አነሣሁና ሆን ብዬ ጣልኩት። እሱንም አልሰማችውም።»

ልጅቷ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አትሰማም፣ እጇም ስትፈልግ አይታዘዛትም። «ይኼውና እዚያ ናት» ብላ በአገጯ ወደ በሩ ጠቆመችኝ።

ዞር አልኩ። በበሩ መስታወት በኩል አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ግንባሯና ከንፈሯ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ ፊቷ በክፍሉ ብርሃን ሰማያዊ ሆኗል። ዓይኗን ጨፍና ነበር። ያ ድምፅ ተጀመረ፤ ረጅሙ፣ ወፍራሙ፣ ከፍም ዝቅም የማይለው። መስታወቱ መንዘርዘር ጀመረ። እሷ ነበረች።

«ሲንቀጠቀጥ በፊቷ ይሰማታል» አለች እናቷ። «ስለዚህ ትወደዋለች። ተይ ብላት በምን ትሰማኛለች?»

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። አምስቱም ሰማያዊ መብራቶች እኩል ድርግም አሉ። አንዷ እናት «ስቲማ ሄደ!» አለች፤ መብራቱን በስዋሂሊ። ነርሷ ሮጣ መጋረጃዎቹን ገፈፈች፤ የቀን ብርሃን እንደ ጎርፍ ገባ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ተያየን። ተራ ሴቶች ነበርን፤ ፊታችን ቡናማ፣ ልብሳችን ቀይና አረንጓዴ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ልጆቻችን ዞርን። የሞያሌዋ ልጅ ጠርቷል፤ ደረቱ ላይ ትንሽ ጥላ ብቻ ቀርቶታል። የሌሎቹም ደህና ናቸው። የእኔ ግን እግሩ ድረስ ቢጫ ነበር። በሌሎቹ መካከል፣ ዓይኑ ታስሮ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ ከሌላ ነገር የተሠራ መሰለ። እናቶቹ አዩት፤ አይተውም ዓይናቸውን መለሱ። ከመካከላቸው አንዷ ወንበሯን በትንሹ ራቅ አደረገች። የሞያሌዋ ግን መጥታ እጄን ያዘችኝ። ከግቢው የጄኔሬተሩ ድምፅ ተነሣ፤ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ብለው በሩ፤ ልጄም እንደገና እንደ ሌሎቹ ሆነ።

ሐኪሟ ከምሳ በኋላ አገናኝ መንገዱ ላይ ጠራችን። ከሰዓት የሚወሰደው ደም ካልቀነሰ ደሙን እንቀይረዋለን አለች፤ የእሱን እያወጡ በእኩል መጠን የሌላ ሰው ደም እያስገቡ።

«የማን ደም?» አሉ እትዬ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጣጠፉት። «ቀይ ነው አልኩ» አሉ። «በዓይኔ እያየሁት ቀይ ነው አልኩ።»

ባለቤቴ አጠገባቸው ተቀምጦ አቀፋቸው። እኔ አላቀፍኳቸውም። ያን ጊዜ አልቻልኩም።

ነርሷ ደም ልትወስድ ስትመጣ አብሬያት ቆምኩ። መብራቱን አጠፋች፣ ተረከዙን በጥጥ ጠረገች፣ ወጋችው። እግሩ ተሰበሰበ። ፊቱ ተጨማደደ። አፉ ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ ያለ ድምፅ ቆየ፤ የማይጨርሰው መሰለኝ፤ ከዚያ ጮኸ። ቀጭን፣ የተናደደ፣ የተሰነጣጠቀ ጩኸት ነበር። አጠገቡ ያለው የሞያሌዋ ልጅ ድንግጥ ብሎ እጆቹን ዘረጋ፣ እሱም ጀመረ። ሌላዋም ተከተለች። ክፍሉ በለቅሶ ተሞላ። የሞያሌዋ ሴት አፏን በሂጃቧ ይዛ ልጇን ታያለች። «ሰማ» ትላለች። «ሰማው። አየሽው? ሰምቶ ነው።»

የደሙ ውጤት ቀንሶ መጣ። ብዙ አልነበረም፤ ሐኪሟ ግን ጠብቀን እንይ አለች፤ በማግስቱም ቀነሰ፤ በማግስቱም። ደሙን መቀየር ሳያስፈልግ ከሁለት ቀን በኋላ መብራቱን አጥፍተው ዓይኑን ፈቱለት። የልጄን ዓይን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። እሱም አየኝ፤ የማያውቃትን ሴት እንደሚያይ ሰው።

ቤት ስንደርስ እትዬ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ወንበር ላይ ወጥተው መጋረጃውን አወረዱት። አጣጥፈው ከረጢት ውስጥ ከተቱትና እስከ ክርስትናው ቀን ድረስ ስለ እሱ አንድ ቃል ሳይናገሩ አረሱኝ። እኔም ስለ እሱ አልተናገርኳቸውም። በኋላ፣ ወራት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥን ሳለ «ይቅር በይኝ» አሉኝ፤ እኔም እሺ አልኩ።

ልጁ ዳነ፤ እኔ ግን ቢጫ ማየት አላቆምኩም። ሰማያዊ መብራት ላይ ብዙ ያፈጠጠ ዓይን ከዚያ ሲወጣ ነገሩን ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢጫ አድርጎ እንደሚያይ ነርሷ ነግራኝ ነበር። የእኔ ግን ሳምንታት ቆየ። ግድግዳው ቢጫ ነው፣ የባለቤቴ ሸሚዝ ቢጫ ነው፣ ልጁ ቢጫ ነው። እያቀፍኩት ወደ ደረጃው እወጣለሁ፣ ግንባሩን እጫናለሁ፣ እመለሳለሁ። ዓይኔን ስለማላምነው ወደ ታች ወርጄ ለማማ ምቦጋ አሳያታለሁ። የያዘችውን ጎመን አስቀምጣ፣ ወደ ፀሐይ አዙራ ታየዋለች። «ሀፓና፣ የለም፣ ደህና ነው» ትለኛለች። ከሰዓት በኋላም ስሄድ አንድም ቀን ሳትሰለቸኝ ታየዋለች። ለክትትል ሆስፒታል ስንመለስ ደሙ ሁልጊዜ ደህና ነበር።

ከዚያ ቁልፉ መጣ። መቼ እንደጀመርኩ አላስታውስም። የቤታችንን ቁልፍ በቀኝ ጆሮው፣ ከዚያ በግራው አንቃጭላለሁ። አንዳንዴ ይደነግጣል፤ አንዳንዴ ግን ሲያንቀላፋ ምንም የለም፣ ያኔ እንደገና አንቃጭላለሁ። አውሮፕላን ሲመጣ ወደ ልጁ ሮጬ ዓይኑን አያለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ፣ ልጁ መሬት ላይ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቶ፣ እኔ ድስት ከፍ አድርጌ ይዤ ቆሜ አገኘኝ። ከዚያ ድስቱን ከእጄ ወሰደና «ነገ እናስመረምረዋለን» አለኝ።

የመስማት ምርመራው መሃል ከተማ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳዋ በስፖንጅ ተሸፍኗል፤ በሩ ሲዘጋ የውጭው የማታቱ ሚኒባሶች ጩኸት እንደ ክር ተቆረጠ። ልጄ ሦስት ወሩ ነበር፤ ጠብቶ ጭኔ ላይ ተኝቷል። ባለሙያዋ በጆሮው ትንሽ ነገር ሰካች፣ ግንባሩ ላይ ገመድ ለጠፈች። እኛ የማንሰማውን ድምፅ ታሰማዋለች፤ ከማሽኑ መስመር ይወጣል። ስፖንጁ ውስጥ የራሴን ደም ሲሮጥ እሰማ ነበር።

«ይሰማል» አለች። «ሁለቱም ጆሮ።»

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ «እባክሽ ድገሚው» አልኳት። ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ ገመዶቹን አስተካክላ ደገመችው።

ከዚያ እንደወጣን ለሞያሌዋ ሴት ደወልኩላት። ሆስፒታል ሳለን ቁጥር ስንለዋወጥ ስሟን አልጠየቅኳትም ነበር፤ ስልኬ ላይ የመዘገብኳት «የሞያሌዋ» ብዬ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ የእሷም ልጅ ተመርምሮ ደህና መሆኑን ነገረችኝ። አንድ ቀን ልጆቹን ይዘን እንገናኝ ተባባልን። ከዚያ ሥራ ያዝን፣ ኑሮ ያዝን፤ ሁለት ጊዜ ስትደውል አምልጦኛል፣ እኔ ስደውል ደግሞ ስልኳ ዝግ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለልጄ ጫማ ልገዛ ኢስሊ ሄድኩ። አሁን አራት ዓመቱ ነው። ሱቋ ያለበትን ፎቅና በር ነግራኝ ስለነበር ፈልጌ አገኘሁት። ጨርቅ የለበትም፤ ሸራ ጫማና ሰንደል ነው የሚሸጠው። ባለሱቁን ጠየቅሁት፤ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ትንሽ ልጅ ያላት፣ ሌላ የማትሰማ ሴት ልጅ ያለቻት፣ የሞያሌ ሰው። ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀ። ሱቁን ከያዘ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው ወንድ ነው፣ ሰዓት ጠጋኝ። ጎረቤቶቹንም ጠየቅሁ። እንዲህ ያለች ሴት በዚያ ፎቅ ላይ የሚያስታውስ አንድም ሰው አላገኘሁም።

ምናልባት ፎቁን ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባት ወደ ሞያሌ ተመልሳ ይሆናል። ልጄ በዚህ መሃል ከባለሱቁ ጋር በስዋሂሊ ተግባብቶ፣ አንድ ሰንደል በግራ እግሩ፣ ሌላ በቀኙ አድርጎ በሱቁ ውስጥ ይራመዳል። ሁለቱም ሰፉት። ትንሽ ቁጥር እስኪያመጡልን በሩ ላይ ቆሜ፣ በደረጃው የሚወጡትንና የሚወርዱትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ እያየሁ ጠበቅሁ።